የጋፋት እቶንና የባለ እጅ ክብር
ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተነገረ



ክረምት ሊገባ ሲል በጠዳ ሜዳ ያለ ገበሬ ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ማረሻውን ነው። በሬው ቢሰባ፥ ቀንበሩ ቢጠብቅ፥ ዘሩም በጎተራ ቢሞላ፥ ማረሻው ከዶለዶመ መሬቱ አይሰነጠቅለትም። ስለዚህ ማረሻውን ይዞ ወደ ባለ እጅ ቤት ይሄዳል፤ ባለ እጁም ብረቱን በእሳት አግሎ፥ በመዶሻ ቀጥቅጦ፥ ጫፉን አሹሎ ይመልስለታል። እንጀራ የሚገኘው በገበሬ ጉልበት ነው ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ዳሩ ግን ከገበሬው ጉልበት አስቀድሞ የባለ እጁ እሳት መኖሩን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ያ እሳት ነው። ብረትና ነሐስ የሚሠራበት ቤት እንዴት እንደሚታነጽ፥ ይልቁንም በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የተሠራው እቶን ምን እንደ ነበረ፥ ደግሞም ስለምን ፈጥኖ እንደ በረደ ይናገራል። የአገር ቅርስ በተባለ ጊዜ የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ግንብና ወደ ቤተ ክርስቲያን፥ ወደ ብራናና ወደ ዘውድ ይሄዳል። የእቶን አመድም ቅርስ መሆኑን፥ ከአመዱም ይልቅ እሳቱን ያነደደው ዕውቀት የሚበልጥ ቅርስ መሆኑን ልጆች ከመምህሮቻቸው ሊሰሙ ይገባል።

የደጋው ባለ እጅ የሥራ ቤት ሲያዩት ትንሽ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከመንደሩ ዳር፥ ውኃ ከማይርቅበት ስፍራ ነው። ግድግዳው ዝቅ ያለ፥ ወይም በአንድ ወገን ጨርሶ የተከፈተ ነው፤ ይህም ጢሱ እንዲወጣ፥ ነፋስም እንዲገባ ነው። በመካከል መሬቱ ጐድጕዶ ምድጃ ይሆናል። ከምድጃው ኋላ ከፍየል ቆዳ የተሰፉ ሁለት ወናፎች ይቀመጣሉ፤ የነፋሳቸው መውጫ ከሸክላ የተሠራ ቱቦ ነው። ወናፍ የሚነፋው ልጅ አንዱን ሲያነሣ ሁለተኛውን ይጫናል፤ ስለዚህ ነፋሱ ሳይቋረጥ ወደ ከሰሉ ይገባል። በምድጃው ፊት መስፉ ተተክሏል፤ መዶሻውና ጉጠቱ በቀኝ እጅ በኩል፥ የጋለ ብረት የሚነከርበት የውኃ ገንዳም በቅርብ ይገኛሉ።

ይህ ቤት ሥዕል የለውም፥ ጉልላትም የለውም። ነገር ግን ምንም ነገር ያለ ምክንያት አልተቀመጠበትም። ሠራተኛው ከመቀመጫው ሳይነሣ እጁ ከእሳቱ ወደ መስፉ፥ ከመስፉም ወደ ውኃው ይደርሳል። ከእሳት የወጣ ብረት የሚታዘዘው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነውና አንድ እርምጃ እንኳ ሥራውን ያበላሻል። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው» የሚለውን ተረት ሰው ሁሉ ለሌላ ነገር ምሳሌ አድርጎ ይናገረዋል፤ በባለ እጁ ቤት ግን ምሳሌ አይደለም፤ የቤቱ አሠራር ሕግ ነው።

ዛሬ ባለ እጅ የሚቀጠቅጠው ብረት አብዛኛው ከውጭ አገር የመጣ፥ ወይም ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቈረጠ ነው። በቀድሞ ዘመን ግን ብረቱን ከድንጋይ የሚያወጣው ራሱ የአገሩ ሰው ነበረ። ብረት ያለበት ድንጋይ ተሰብሮ ከከሰል ጋር በጭቃ በተለሰነ እቶን ውስጥ ይጨመራል፤ ወናፉም ለብዙ ሰዓት ይነፋል። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው ሙቀቱ 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ እቶን ግን ከዚያ አይደርስም። ስለዚህ ብረቱ እንደ ውኃ አይፈስስም፤ የከሰሉ ትነት ከድንጋዩ ውስጥ ኦክስጅኑን ይወስድና ብረቱ ቀዳዳ እንደ በዛበት ሰፍነግ ሆኖ ይቀራል፤ የቀረው ድንጋይ የብረት አር ሆኖ ይለያል። ባለ እጁም ያንን ሰፍነግ ደጋግሞ እያጋለና እየቀጠቀጠ ከእድፉ ያጠራዋል።

ነሐስ ግን ሌላ ጠባይ አለው። መዳብ በ1085 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ቆርቆሮ የሚባለው ማዕድን ሲጨመርበት ደግሞ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ቀልጦ ነሐስ ይሆናል፤ እንደ ውኃም ይፈስሳል። ስለዚህ ብረት ይቀጠቀጣል፥ ነሐስ ግን በቅርጽ ውስጥ ይፈስሳል። መስቀልና ጸናጽል፥ ቃጭልና ደወል ከዚህ ጥበብ የሚገኙ ናቸው። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ በጋፋት የሆነው ነገር የሚገባው በዚህ ነውና።

ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ጐንደርን ከቈረቈሩ ወዲህ የባለ እጅ ሥራ በዚህ አገር እጅግ ተፈለገ። የግንብ ድንጋይ ያለ መሮ አይጠረብም፤ በር ያለ ምስማርና ያለ ማጠፊያ አይቆምም፤ ድንጋይን ከድንጋይ የሚያያይዘው ኖራም በእሳት ካልተቃጠለ አይገኝም። ስለዚህ በጐንደር ግንብ ሁሉ ውስጥ የእቶን እሳት አለበት ማለት ይቻላል። በጐንደር ዙሪያ በሚገኙ መንደሮች ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በብረት ሥራ፥ ሴቶቻቸውም በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። የመሬት ርስት ስላልነበራቸው በእጃቸው ጥበብ ይኖሩ ነበር። ሌሎችም ባለ እጆች በየአገሩ ነበሩ።

ነገር ግን ሕዝቡ ማረሻውን ከእነርሱ እየተቀበለ ስማቸውን ያጐድፍ ነበር። ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ነው ይሉታል፤ ከእርሱ ጋር መጋባትንና አብሮ መብላትን ይጸየፋሉ፤ ልጆችም ከአባቶቻቸው ሰምተው ይሰድቡታል። እሳትን ብረት እስኪታዘዝለት ድረስ የሚገዛ ሰው ከሰው የተለየ ኀይል አለው ብለው ስለ ፈሩ ነው የሚሉ አሉ። ምክንያቱ ምንም ቢሆን ፍሬው አንድ ነው፤ ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ በጨለማ ውስጥ ተላለፈ እንጂ በአደባባይ ትምህርት አልሆነም። የባለ እጅ ልጅ ስድቡን ሽሽት ሥራውን ቢተው ማን ይፈርድበታል?

አሁን ነገሩ ወደ ጋፋት ይሻገራል። ከጠዳ ተነሥቶ ወደ ደቡብ የሚሄድ መንገደኛ በማክሰኚትና በእንፍራዝ አልፎ፥ አዲስ ዘመንን ተሻግሮ ወረታ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ጋፋት ከደብረ ታቦር ከተማ አጠገብ ያለ ኮረብታ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የመድፍ ማቅለጫቸውን ያቋቋሙት በዚያ ነበር።

ዐፄ ቴዎድሮስ ስለ መድፍ እንዲህ አጥብቀው ያሰቡበት ምክንያት ነበራቸው። ገና ካሳ ይባሉ በነበሩበት ጊዜ፥ በ1840 ዓ.ም.፥ በደባርቂ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው በመድፍ ምክንያት ተሸነፉ። ጀግንነት ብቻውን በመድፍ ፊት ምን ያህል እንደሚያዋጣ በዚያ ቀን ተረዱ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ዘውድ ከጫኑ በኋላም አሳባቸው መሣሪያውን ከውጭ መግዛት ብቻ አልነበረም፤ መሣሪያውን የሚሠራው ጥበብ በአገራቸው እንዲተከል ፈለጉ። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ አሳብ ያሰበ ንጉሥ ብዙ አልነበረም።

በስዊስ አገር በባዝል ከተማ አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የተላኩ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ነበር። እነዚህ ወንጌልን ለማስተማር የመጡ፥ ዳሩ ግን የእጅ ሥራም የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ቴዎፊል ዋልድማየርና ካርል ዛልሙለር ይገኛሉ። ሞሪትስ ሃል የሚባል የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የሚባል ፈረንሳዊ ጠመንጃ ሠሪም አብረዋቸው ነበሩ። ንጉሡ እነዚህን ሰዎች በጋፋት አስቀመጧቸው፤ ቤትና የሥራ ስፍራ ሠሩ፤ ሠረገላና መንገድም አበጁ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከእነርሱ ዘንድ የእጅ ሥራ ይማሩ ጀመር። በኋላ ንጉሡ መድፍ እንዲያፈስሱ አዘዟቸው። የእኛ ሙያ አይደለም ቢሉም ንጉሡ አልተቀበሏቸውም፤ ተገድደው ጀመሩ።

የመድፍ ማቅለጫ ስፍራ እንደ ባለ እጁ ጎጆ በሁለት ወናፍ የሚሠራ አይደለም። ስፍራው አራት ነገሮች እንዲኖሩት ያስፈልጋል፤ እንጨት ለከሰል፥ ውኃ ለሥራ፥ እሳትን የሚችል ጭቃ ለእቶን፥ ቀልጦ የሚወጣውም ነሐስ በራሱ ክብደት እንዲፈስስ ተዳፋት መሬት ነው። እቶኑ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ከበታቹም ቅርጹ የሚቀበርበት ጕድጓድ ይቈፈራል። ቅርጹ ከጭቃ፥ ከፍግና ከጠጕር ተቀላቅሎ ይሠራል፤ የመድፉ አፈ ሙዝ ባዶ እንዲሆንም በመካከሉ እንደ ምሰሶ ያለ የጭቃ እምብርት ይቆማል። ከዚህ በኋላ ቅርጹ በእሳት እስኪደርቅ ይተኰሳል። ጥቂት እርጥበት ከቀረበት የጋለው ነሐስ ሲነካው ውኃው በአንድ ጊዜ ተንፍሎ ቅርጹን ይሰነጥቀዋል፥ በዙሪያው የቆሙትንም ይገድላል።

ቅርጹ ከደረቀ በኋላ በጕድጓዱ ውስጥ ቆሞ ዙሪያው በአፈር ይጠቀጠቃል። ነሐሱ ቀልጦ እንደ ተዘጋጀ የእቶኑ አፍ ይከፈታል፥ ነሐሱም በቦዩ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ መቋረጥ የለበትም፤ አስቀድሞ የገባው ከበረደ ኋላ የሚመጣው አይጋጠመውም፥ መድፉም በዚያ ስፍራ ደካማ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ እስኪበርድ ለብዙ ቀን ይጠበቃል፤ በመጨረሻ ጭቃው ተሰብሮ መድፉ ይወጣል። አንዲት ስሕተት ብትገኝ የወራት ሥራ እንደ ገና ወደ እቶን ይመለሳል። በጋፋትም የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች ሳይሳኩ ቀርተው ነበር። ንጉሡ ግን ደጋግመው እንዲሞክሩ አደረጉ፤ ራሳቸውም እየመጡ ሥራውን ይመለከቱ ነበር።

በዚሁ ጊዜ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የነበረው ነገር እየከፋ ሄደ። ንጉሡ በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ በ1856 ዓ.ም. የእንግሊዝን ቆንስል አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ማርቲን ፍላድ የሚባለውን ሚስዮናዊ ሠራተኞችና የሥራ መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ሠራተኞቹና መሣሪያው እስከ ምጽዋ ድረስ መጡ፤ እስረኞቹ ሳይፈቱ አንሄድም ተብሎ ግን ወደ ውስጥ ሳይገቡ ቀሩ። ወደ ጋፋት ሊደርስ የነበረው መሣሪያ በባሕር ዳርቻ ቆሞ ተመለሰ።

በ1859 ዓ.ም. በጋፋት ታላቁ መድፍ ፈሰሰ። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል፥ ማለት ሰባ ኩንታል ያህል ነበር። ጥይቱን ወደ ላይ አንሥቶ የሚወረውር አፈ ሰፊ መድፍ ነው። ስሙንም ሴባስቶፖል አሉት፤ ይህም ጥቂት ዓመታት አስቀድሞ በሩሲያና በእንግሊዝ፥ በፈረንሳይና በቱርክ መካከል በተደረገው የክሪሚያ ጦርነት ብዙ ደም የፈሰሰበት ከተማ ስም ነው።

በዚያው በ1859 ዓ.ም. በኅዳር ወር የጐንደር ከተማ በራሳቸው በንጉሡ ጦር ተዘረፈች፥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትም ተቃጠሉ፤ ንዋየ ቅድሳቱና መጻሕፍቱ ወደ ደብረ ታቦር፥ ከዚያም ወደ መቅደላ ተወሰዱ። የጐንደር ሽማግሌዎች ከአባቶቻቸው የሰሙትን ይህን ኀዘን መሸሸግ አይገባም፤ ለልጆች የሚነገር ታሪክ ሁለቱንም ወገን ሊይዝ ያስፈልጋል። አገሩን በጥበብ ለማስከበር እቶን ያነደደው ንጉሥ ለጥበብ መዝገብ በሆነችው በጐንደርም ላይ እሳት ለቀቀ። ታላቅ አሳብ ከቍጣ ጋር ሲኖር የሚሠራውና የሚያፈርሰው እንዲህ ይቀላቀላል።

በመስከረም መጨረሻ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፋቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ተነሡ። ለሴባስቶፖል መንገድ ስላልነበረ በየገደሉ መንገድ ይቈረጥለት ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በገመድ ይስቡት ነበር። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው የብዙ ሰው ጉልበት ያንን ክብደት በደላንታ ሜዳና በበሽሎ ሸለቆ አሳልፎ በመጋቢት ወር ከመቅደላ አደረሰው። ሆኖም ሴባስቶፖል ለታሰበለት ውጊያ ሳይጠቅም ቀረ። በጄኔራል ናፒየር የሚታዘዘው የእንግሊዝ ጦር መጣ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ገደሉ። የመቅደላ መዝገብ ተዘረፈ፤ ሴባስቶፖል ግን ከክብደቱ የተነሣ በተራራው ላይ ቀረ። በአዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የቆመው የእርሱ ምሳሌ ነው።

የጋፋት ሠራተኞች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ዋልድማየር ወደ ሊባኖስ ሄደ፤ በብሩማና መንደርም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1873 ትምህርት ቤት አቋቋመ። በጋፋት ግን እሳቱን የሚያነድድ ሰው አልተተካም፤ እቶኑ በረደ፤ ኮረብታውም ወደ ሣርና ወደ እርሻ ተመለሰ።

ስለምን እንዲህ ሆነ? ከሌላ አገር ጋር ቢያስተያዩት ነገሩ ይገለጣል። በእንግሊዝ አገር ኮልብሩክዴል በምትባል የገጠር ስፍራ አብርሃም ዳርቢ የሚባል ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1709 ብረትን በእንጨት ከሰል ፈንታ ከድንጋይ ከሰል በተዘጋጀ ኮክ ማቅለጥ ጀመረ። በዚያ እቶን ይሠራ የነበረው በየቤቱ የሚፈለግ የብረት ድስት ነበር። ሥራው ለልጆቹና ለልጅ ልጆቹ ተላለፈ፤ በ1779 የልጅ ልጁ በአጠገቡ ባለው ወንዝ ላይ በዓለም የታወቀውን የብረት ድልድይ አቆመ። ያ አሮጌ እቶን ዛሬ ፍርስራሹ ተከልሎ፥ ጣራ ተሠርቶለት፥ ከዓለም ቅርስ ጋር ተቈጥሮ ይጐበኛል። የጐንደር ግንቦችም በ1972 ዓ.ም. በዚያው በዓለም ቅርስ መዝገብ ገብተዋል። 

እንግዲህ ልዩነቱ በእሳቱ አይደለም። የኮልብሩክዴል እቶን የብዙ ቤቶችን ፍላጎት ይመግብ ስለ ነበር ብዙ ቤቶች አኖሩት፤ የጋፋት እቶን ግን የአንድ ንጉሥን ፍላጎት ይመግብ ስለ ነበር ከንጉሡ ጋር ሞተ። በአንደኛው ሠራተኛው ለልጁ ሙያውን በክብር አወረሰ፤ በሁለተኛው መጻተኞቹ ሠራተኞች ተገድደው ሠሩ፥ መንገድ ሲከፈትላቸውም ሄዱ። ከሁሉም በላይ በዚያን ጊዜ በአገሩ ውስጥ ብረትንና ነሐስን የሚያውቁ ብዙ ባለ እጆች ነበሩ፤ ነገር ግን የአገሩ ሰው ይንቃቸው ነበርና የጋፋት ጥበብ ከእነርሱ ጥበብ ጋር ተጋብቶ ሥር አልሰደደም። ንጉሡ ጥበብን ከባሕር ማዶ ሲፈልጉ ሕዝቡ በደጁ ያለውን ጥበብ ይሰድብ ነበር።

ይህን ነውር ዳግማዊ ምኒልክ አይተውት ነበር፤ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ልብን ግን የሚለውጠው ትምህርት ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከብዙ ዘመን በኋላም ንቀቱ በየመንደሩ ቀርቶ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኞቹ ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል አገር ሲሄዱ ብዙ ትውልድ ያከማቸው የብረትና የሸክላ ጥበብ አብሯቸው ሄደ። በጐንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ የሸክላ ሥራው እንደ መታሰቢያ ቀርቷል፤ ብዙው ዕውቀት ግን ሳይጻፍ አለፈ።

የቀረው እንዳያልፍ የገጠር ትምህርት ቤት ሊሠራ የሚችለው ነገር አለ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። መምህሩ አስቀድሞ ፈቃድ ጠይቆ ተማሪዎቹን ወደ ባለ እጁ ቤት ቢወስዳቸው፥ ልጆቹም የወናፉን፥ የመስፉን፥ የጉጠቱን ስምና አገልግሎት ከባለ እጁ አፍ ሰምተው ቢጽፉ፥ የቤቱን አቀማመጥ በወረቀት ላይ ቢሥሉ፥ ያ ደብተር ነገ የአገር መዝገብ ይሆናል። ሒሳብ የሚያስተምረው መምህር የብረትንና የመዳብን የመቅለጫ ሙቀት፥ የሴባስቶፖልን ክብደት ለምሳሌ ቢወስድ ልጆቹ ቍጥሩን አይረሱትም። ሽማግሌዎችም በቀድሞ ዘመን ብረት ይቀልጥበት የነበረውን ስፍራ ቢያውቁ ያሳዩ፤ የብረት አርና የተቃጠለ ሸክላ የተገኘበት ስፍራ እንዳይታረስና ድንጋዩ እንዳይወሰድ ይጠብቁ፤ ለወረዳው የባህል መሥሪያ ቤትም ያስታውቁ። እንዲህ ያለው ነገር አንድ ጊዜ ከስፍራው ከተነሣ ታሪኩን አይናገርም።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን ሌላ ነው። በትምህርት ቤት ግቢ አንድ ልጅ የባለ እጅን ልጅ ቡዳ ብሎ ቢሰድበው መምህሩ ሰምቶ እንዳልሰማ ሊሆን አይገባውም። ያ ስድብ የአንድ ልጅ ልቅሶ ብቻ አይደለም፤ ጋፋትን ያበረደ ቃል ነው። የሽማግሌው ነገርም ከመምህሩ ነገር ይልቅ በመንደር ይሰማልና፥ ሽማግሌው ማረሻውን ለማሳል ሲሄድ የልጅ ልጁን ይዞ ይሂድ፤ ባለ እጁንም በልጁ ፊት አንቱ ብሎ ሰላምታ ይስጠው። ልጁ ከመጽሐፍ የማያገኘውን ትምህርት በዚያች ሰላምታ ያገኛል።